ኦቲዝምና ኤዲኤችዲ ላለው ልጅ ከሰው ለመግባባት የሚረዳው ድጋፍ የት ይገኛል?

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ቡናው ቶና ላይ ደርሷል፣ እንግዶች ተቀምጠዋል። የስምንት ዓመቱ ልጅ ከክፍሉ ወጥቶ ማንንም ሳይስም በቀጥታ ወደ አንድ እንግዳ ይሄድና የመኪናቸው ሞተር ስንት ሲሊንደር እንደሆነ ይጠይቃቸዋል። ሰውየው መልሳቸውን ሳይጨርሱ እሱ ስለ ሌላ መኪና ማውራት ጀምሯል፤ እያወራም ፈንዲሻውን በእፍኙ ይዘግናል፣ በረከቦቱ አጠገብ ሲያልፍ ሲኒ ይገለብጣል፣ ከዚያም እንደ አመጣጡ ወደ ክፍሉ ይመለሳል። እናቱ ከኋላው «ጋሼን ሳም እንጂ!» ትለዋለች። ከእንግዶቹ አንዷ «ልጅ አይደል፣ ሲያድግ ይተዋል» ስትል ሌላዋ ምንም አትልም፤ የዝምታዋ ትርጉም ግን እናትየዋን አላመለጣትም።

ይህ ልጅ ኦቲዝምም ኤዲኤችዲም እንዳለው በምርመራ ታውቋል እንበል። በእነዚያ ሁለት ደቂቃዎች ውስጥ የታየው ብልግና ሳይሆን ምንጫቸው የተለያየ ሁለት ችግሮች በአንድ ልጅ ላይ ሲገናኙ የሚሆነው ነው። ሁለቱ ካልተለዩ የሚፈለገው ድጋፍም አይለይም፤ ብዙ ወላጆች ገንዘባቸውንና ጊዜያቸውን ከስክሰው ለውጥ ያጡትም አንዱን ችግር በሌላው መድኃኒት ለማከም ስለተሞከረ ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ሁለቱ ነገሮች ምንድን ናቸው? በምንስ ይለያያሉ?

ኦቲዝም ከሕፃንነት ጀምሮ የሚኖር የአእምሮ እድገት ልዩነት ነው። ዋና ምልክቶቹ ሁለት ናቸው፤ አንደኛው ከሰው ጋር በመግባባት፣ ማለትም የፊትን ገጽታ፣ የድምፅን ቃናና ሳይነገር የሚታወቀውን ደንብ በመረዳት ላይ የሚታይ ልዩነት ሲሆን፣ ሁለተኛው በአንድ ነገር አጥብቆ መመሰጥን፣ የተለመደው ሥርዓት ሲለወጥ መረበሽን፣ እንዲሁም ድምፅን፣ ብርሃንን ወይም መነካትን ከሌላው ሰው በላይ ወይም በታች መስማትን ያጠቃልላል። ኤዲኤችዲ ደግሞ በአማርኛ አንዳንዴ የትኩረት ማነስና የቅብጥብጥነት ችግር እየተባለ የሚጠራው ነው፤ ትኩረትን ወደሚፈለገው ነገር የመምራት፣ ሰውነትን የማሳረፍና ስሜት የገፋውን ነገር ከማድረግ በፊት ቆም የማለት አቅም ከዕድሜ እኩዮች ዘግይቶ የሚያድግበት ሁኔታ ነው። ሁለቱንም ክፉ አስተዳደግ አያመጣቸውም፤ ክትባትም እርግማንም አያመጣቸውም። በሁለቱም ውስጥ የዘር ድርሻ ከፍተኛ ነው።

ልዩነታቸውን ለማየት መገናኛ ያለውን የታክሲ ተራ እናስብ። ታፔላ ቢኖርም ሰው የሚሄደው በረዳቱ ጩኸት ነው፤ የትኛው ሰልፍ ወዴት እንደሆነ፣ ሒሳብ ከኋላ ወንበር ወደ ፊት እንዴት እንደሚተላለፍ፣ ለማን መጠጋት እንደሚገባ የተጻፈ ደንብ የለም። የከተማው ሰው ሁሉንም ያውቃል፤ ማን እንዳስተማረው ቢጠየቅ ግን መልስ የለውም። ለከተማው እንግዳ የሆነ ሰው እዚያው ተራ ላይ ግራ ተጋብቶ የሚቆመው ሰነፍ ስለሆነ ሳይሆን፣ ሌላው ሳይማር ያወቀውን እሱ አንድ በአንድ ሊነገረው ስለሚገባ ነው። ኦቲዝም ያለው ልጅ በሰው መሃል የሚገጥመው ይህን ይመስላል። ኤዲኤችዲ ያለው ልጅ ግን መንገዱንም የሚወርድበትንም ቦታ ያውቃል፤ ችግሩ «ወራጅ አለ!» የሚለው ቃል ከአፉ የሚወጣው ታክሲው ፌርማታውን ካለፈ በኋላ መሆኑ ነው። ሁለቱም ያለው ልጅ በበኩሉ ደንቡ በግልጽ ካልተነገረው አያውቀውም፣ ተነግሮት ካወቀው በኋላም በሰዓቱ ማውጣት ይቸግረዋል።

ሁለቱ አብረው መኖራቸው እንግዳ ነገር አይደለም። በ2019 የወጣ የብዙ ጥናቶች ድምር ትንታኔ ኦቲዝም ካላቸው ሰዎች መካከል 28 በመቶ የሚሆኑት ኤዲኤችዲም እንዳላቸው ገምቷል። ሆኖም የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር የምርመራ መመሪያ በ2013 እስኪሻሻል ድረስ አንድ ልጅ ሁለቱን ስያሜዎች በአንድ ጊዜ ሊያገኝ አይችልም ነበር፤ ኦቲዝም ከተባለ ኤዲኤችዲው አይጻፍም። ከዚያ በፊት የተመረመረ ወጣት ግማሽ ምርመራ ይዞ አድጎ ሊሆን ይችላል። ዛሬም ቢሆን ቅብጥብጥነቱ ጎልቶ የታየ ልጅ በኤዲኤችዲ ብቻ ታክሞ ኦቲዝሙ ለዓመታት ሳይታወቅ የሚቀርበት ጊዜ አለ። ልጃገረዶች ደግሞ እኩዮቻቸውን እያዩ በመቅዳት ችግሩን ስለሚሸፍኑት ይበልጥ ይዘገያሉ።

ማኅበራዊ ክህሎት ሲባል ምን ማለት ነው?

ቃሉ ሰፊ ስለሆነ ወላጅና ባለሙያ አንድ ቃል እየተናገሩ የተለያየ ነገር ሊያስቡ ይችላሉ። ወላጅ ብዙ ጊዜ የሚያስበው ሥነ ሥርዓትን ነው፦ ሲጠሩት «አቤት» ማለትን፣ ትልቅ ሰው ሲገባ ከመቀመጫ መነሣትን፣ እጅ መንሳትን። ባለሙያው የሚያስበው ደግሞ በተጀመረ ጨዋታ መሃል መግባትን፣ ተራ መጠበቅን፣ ሌላው ሰው እንደሰለቸው ማስተዋልን፣ ጨዋታን በሰላም መዝጋትን፣ ከጠብ በኋላ መታረቅን ነው። ሁለቱም ክህሎቶች ናቸው፤ ለልጁ ጓደኛ የሚያመጡለት ግን ሁለተኛዎቹ ናቸው። ለትልቅ ሰው እጅ የሚነሳ ልጅ ይመሰገናል እንጂ በእረፍት ሰዓት ወደ ጨዋታ አይጠራም።

ከአገር ውጭ ላለ ቤተሰብ ሌላ ውስብስብ ነገር ይጨመራል። በእኛ ባህል ልጅ ትልቅ ሰው ሲያናግረው አንገቱን ሰበር፣ ዓይኑን ዝቅ ማድረጉ ጨዋነት ነው፤ የአሜሪካ መምህርት ግን ያንኑ ዓይን መስበር የኦቲዝም ምልክት ብላ ልትመዘግበው፣ ከዚያም አልፋ «ዓይን ለዓይን ያያል» የሚል የሥልጠና ግብ ልታወጣለት ትችላለች። ወላጅ ከትምህርት ቤቱ ጋር በሚያደርገው ስብሰባ ላይ ይህን መናገር አለበት። ዓይን ለዓይን መተያየት ለብዙ ኦቲዝም ላላቸው ሰዎች ከባድ ጭንቀት ነው፣ ሲገደዱም ትኩረታቸው ሁሉ ዓይን በማየት ላይ ያልቅና የሚነገራቸውን መስማት ያቅታቸዋል፤ ስለዚህ በየትኛውም ባህል ቢሆን ጥሩ ግብ አይመስለኝም።

እንግሊዛዊው ተመራማሪ ዴሚያን ሚልተን፣ ራሱም ኦቲዝም ያለው፣ በ2012 ያቀረበው ሐሳብ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ኦቲዝም ያለው ሰው ሌላውን መረዳት እንደሚከብደው ሁሉ ሌላውም እሱን መረዳት ይከብደዋል፤ ያለመግባባቱ ምክንያት በሁለት በኩል ነው ይላል። ይህ ለልጁ አዘኔታ ለማሳየት የተባለ ብቻ አይደለም፤ ድጋፉ ልጁን ብቻ ነው ወይስ በዙሪያው ያሉትንም ልጆች ማሰልጠን ያለበት የሚለውን ጥያቄ የሚያስነሣ ነው።

ልጁ በሥልጠናው ክፍል ውስጥ የቻለውን ሜዳ ላይ ለምን ያጣዋል?

የወላጆች ተደጋጋሚ አቤቱታ ይህ ነው። ልጁ በሳምንት አንድ ቀን ወደ ባለሙያ ይሄዳል፤ በዚያ ክፍል ውስጥ «ጓደኛህ ኳሱን ባይሰጥህ ምን ትላለህ?» ሲባል ትክክለኛውን መልስ ይሰጣል፤ ባለሙያዋም ደስ ይላታል። ሰኞ ትምህርት ቤት ላይ ኳሱን ሲነጠቅ ግን የነጠቀውን ልጅ ይገፈትረዋል።

በ2017 የታተመ፣ ኦቲዝም ላላቸው ወጣቶች የተሰጡ የቡድን ሥልጠናዎችን ያነጻጸረ ትንታኔ ይኸንኑ አግኝቷል፦ ወጣቶቹ ራሳቸው የሚሰጡት ምስክርነት ሲመረመር መሻሻሉ የታየው ምን ማድረግ እንደሚገባ በማወቅ ላይ እንጂ በተግባር በማድረግ ላይ አልነበረም። የመምህራን ግምገማም ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላሳየም። በኤዲኤችዲ በኩል በ2019 የታደሰ የ25 ጥናቶች ግምገማ የማኅበራዊ ክህሎት ሥልጠና በመምህራን ምዘና ላይ ያመጣው ለውጥ ከምንም የማይቆጠር ወይም እጅግ ትንሽ ሆኖ አግኝቶታል።

ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያው አይጠቅምም» ማለት ግን ስህተት ነው። ምክንያቱን በታክሲው ምሳሌ እንየው። ለእንግዳው ሰው የመስመሮቹን ዝርዝር ማስጠናት የኦቲዝሙን ወገን ይረዳል፤ «ወራጅ አለ» ማለት የሚዘገይበትን ልጅ ግን ምንም ያህል ዝርዝር ቢያጠና አይረዳውም። እሱን የሚረዳው አብሮት የተቀመጠ ሰው ፌርማታው ሊደርስ ሲል ክንዱን ነካ ሲያደርገው ነው። ማለትም እርዳታው መምጣት ያለበት ነገሩ በሚሆንበት ቦታና ቅጽበት ነው።

በ2012 የታተመው የተመራማሪዋ የኮኒ ካሳሪና የባልደረቦቿ ጥናት ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። በመደበኛ ትምህርት ቤት የሚማሩ፣ ከ1ኛ እስከ 5ኛ ክፍል ያሉ 60 ኦቲዝም ያላቸው ልጆች ተወስደው ለአንዳንዶቹ ባለሙያ ለብቻቸው ክህሎቱን አስተማራቸው፤ ለሌሎቹ ደግሞ ሥልጠናው የተሰጠው ለክፍል ጓደኞቻቸው ሆኖ፣ ብቻውን የቆመን ልጅ እንዴት ወደ ጨዋታ እንደሚያስገቡ ተማሩ። ከስድስት ሳምንት በኋላ በጓደኛነት ይበልጥ የተመረጡት፣ በሜዳ ላይም ብቻቸውን መቆም የቀነሱት እኩዮቻቸው የሠለጠኑላቸው ልጆች ነበሩ። ወላጅ ድጋፍ ሲፈልግ ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠይቀው የሚገባው ጥያቄ ስለዚህ «ምን ያስተምሩታል?» ሳይሆን «የት ነው የሚያስተምሩት? ከነማን ጋር?» የሚለው ነው።

ምን ዓይነት ድጋፎች አሉ?

በወረቀት ላይ የሚገኘው ዓይነት ብዙ ነው፤ ከሥር ከሥሩ ግን የሚጋሩት ነገር አለ።

ለአሥራዎቹ ዕድሜ ልጆች በጥናት የተደገፈው የታወቀ ፕሮግራም በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ፒርስ ነው። 16 ሳምንት ይፈጃል፤ ልጆቹ በአንድ ክፍል ሲማሩ ወላጆቻቸው በዚያው ሰዓት በሌላ ክፍል ልጁን ቤት ውስጥ እንዴት እንደሚያለማምዱት ይማራሉ። የሚያስተምረው መንገድ ለእንግዳው መንገደኛ እንደሚነገር ዓይነት ነው። ለምሳሌ በተጀመረ ወሬ ለመግባት በመጀመሪያ ራቅ ብሎ ማዳመጥ፣ ርዕሱን ማወቅ፣ ንግግሩ ረገብ እስኪል መጠበቅ፣ ከዚያ በርዕሱ ላይ አንድ ነገር ጨምሮ መግባት፣ ካልተቀበሉት ደግሞ ሳይከፋ መተው። ሌላው ሰው ሳያስበው የሚያደርገውን በደረጃ ከፋፍሎ ያስቀምጣል።

ከሰባት እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ላሉት የሌጎ ቡድኖች አሉ። ሦስት ልጆች አንድ ነገር ይገነባሉ፤ አንዱ መሐንዲስ ሆኖ ሥዕሉን እያየ ይናገራል፣ ሁለተኛው ቁራጩን ፈልጎ ያቀብላል፣ ሦስተኛው ይገጣጥማል፤ ከዚያ ሚናቸውን ይቀያየራሉ። ማንም ሰው «ተግባቡ» አይላቸውም፤ ካልተነጋገሩ ግን ቤቱ አይሠራም። ተራ መጠበቅ ለሚቸግረው ቅብጥብጥ ልጅ ሥራ የያዘ እጅ ስላለው፣ ወሬ ለሚከብደው ልጅ ደግሞ የሚያወራበት ጉዳይ ስላለው ለሁለቱም ወገን ይመቻል።

የንግግር ሕክምና ባለሙያም በዚህ ጉዳይ ላይ ይሠራል፤ ወላጆች ግን «የኔ ልጅ አፉን ከፈታ ቆይቷል፣ ምን ያደርግለታል?» ብለው ያልፉታል። የባለሙያው ሥራ ድምፅን ማስተካከል ብቻ ሳይሆን ቋንቋን ከሰው ጋር እንዴት እንደሚጠቀሙበት፣ መቼ ማውራት፣ መቼ ማቆም፣ ቀልድና ቁም ነገርን እንዴት መለየት እንደሚቻል ማስተማርም ነው። ኤቢኤ የሚባለው የባህርይ ሥልጠና በአሜሪካ በስፋት የሚሰጥ ሲሆን በውስጡ ያሉት አሠራሮች እጅግ የተለያዩ ናቸው፤ በተለይ ያደጉ ኦቲዝም ያላቸው ሰዎች ልጁን «የተለመደ ሰው» ለማስመሰል የሚያስገድደውን ዓይነት አጥብቀው ይቃወሙታል። ስለዚህ ስሙን ሳይሆን ግቡን መጠየቅ ይገባል፦ እጁን ማወናጨፉን ለማስቆም ነው ወይስ እርዳታ መጠየቅ እንዲችል?

መድኃኒትስ? ኦቲዝምን ራሱን የሚያክም መድኃኒት የለም። ሜቲልፌኒዴት የሚባለውና መሰሎቹ ግን የኤዲኤችዲን ምልክቶች ይቀንሳሉ፤ ኦቲዝምም ባላቸው ልጆች ላይ የሚሠሩበት መጠን ዝቅ ያለ፣ የጎንዮሽ ጉዳታቸውም በርከት ያለ ስለሆነ ሐኪሙ በትንሽ መጠን ጀምሮ ይከታተላል። በ2005 በታተመ የ72 ልጆች ጥናት ጥቅም ያገኙት 49 በመቶ ነበሩ። መድኃኒቱ ጓደኝነትን አያስተምርም፤ ልጁ የሚያውቀውን እንዲያደርግ የምትበቃ አንዲት ቅጽበት ይሰጠዋል። ይህ ቅጽበት የሚያስፈልገው መሆን አለመሆኑን መወሰን የሐኪሙና የቤተሰቡ ነው።

አሜሪካ ለሚኖር ቤተሰብ በሩ የት ነው?

የመጀመሪያው በር የግል ክሊኒክ ሳይሆን የሰፈሩ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። በ1975 የወጣው፣ ዛሬ አይዲኢኤ በሚል ምህጻር የሚታወቀው ሕግ ከ3 እስከ 21 ዓመት ለሆናቸውና የአካል ጉዳት ወይም የእድገት እክል ላለባቸው ልጆች ነጻና ተገቢ ትምህርት እንዲሰጥ ያስገድዳል። የወላጅ የኢሚግሬሽን ሁኔታ ለዚህ መብት አይጠየቅም፤ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1982 የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በዚህ ምክንያት ልጅን መከልከል እንደማይችሉ ወስኗል።

አካሄዱ የሚጀምረው በአንድ ደብዳቤ ነው። ወላጅ ለትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር ልጁ ለልዩ ትምህርት አገልግሎት እንዲመዘን እንደሚፈልግ በጽሑፍ ያመለክታል፤ ቀኑን ይጽፋል፣ ቅጂውን ያስቀምጣል። በቃል የተነገረ ይረሳል። ትምህርት ቤቱ ምዘናውን ከተቀበለና ወላጁ በፊርማው ከፈቀደ በኋላ ግዛቱ የራሱ የጊዜ ገደብ ከሌለው በ60 ቀን ውስጥ መጠናቀቅ አለበት። ልጁ ብቁ ሆኖ ከተገኘ አይኢፒ የሚባል የግል የትምህርት ዕቅድ ይዘጋጅለታል። ልዩ ትምህርት ሳያስፈልገው ማመቻቸት ብቻ ለሚበቃው ልጅ ደግሞ በ1973ቱ ሕግ ላይ የተመሠረተ 504 የሚባል ዕቅድ አለ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ብዙ ቤተሰቦችን ያስቀራሉ። የመጀመሪያው «ልጃችሁ ውጤቱ ጥሩ ስለሆነ አይገባውም» የሚለው መልስ ነው። ሕጉ ግን ልጅ ከክፍል ወደ ክፍል እያለፈ ስለሆነ ብቻ አገልግሎት ሊነፈግ እንደማይገባ በግልጽ ያስቀምጣል፤ ሒሳብ መቶ ከመቶ እያመጣ ምሳውን በየቀኑ ብቻውን የሚበላ ልጅ መመዘን ይችላል። ሁለተኛው የወላጅ ስጋት ነው፤ «ልዩ ትምህርት» ሲባል ልጁ ከእኩዮቹ ተለይቶ ሌላ ክፍል የሚገባ ይመስላል። አይኢፒ ክፍል ሳይሆን ሰነድ ነው፤ ሕጉም ልጁ በተቻለ መጠን ከሌሎች ልጆች ጋር እንዲማር ያዛል።

ይህ ዕቅድ በሚዘጋጅበት ስብሰባ ላይ የሚገኝ ወላጅ ዓይኑን መጣል ያለበት በግቦቹ አጻጻፍ ላይ ነው። «ማኅበራዊ ክህሎቱን ያሻሽላል» ተብሎ የተጻፈ ግብ በዓመቱ መጨረሻ ማንም ሊለካው አይችልም። «በእረፍት ሰዓት፣ አንድ ጊዜ ብቻ በቃል ማስታወሻ ተሰጥቶት፣ ከአምስት ቀን በአራቱ በተጀመረ ጨዋታ ተቀላቅሎ ቢያንስ አሥር ደቂቃ ይቆያል» የሚለው ግን ቦታውን፣ እርዳታውንና መጠኑን ይናገራል። ቀጥሎ «በእረፍት ሰዓት ማስታወሻውን የሚሰጠው ማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ የማስታወሻ ሰጪው ሰው ካልተጠቀሰ ግቡ ወረቀት ላይ ይቀራል። የትምህርት ቤቱ አማካሪ ጥቂት ልጆችን ሰብስባ የምታበላበት የምሳ ቡድን፣ ወይም ለክፍሉ እኩዮች የሚሰጥ ሥልጠና ካለ በዚሁ ሰነድ ውስጥ እንዲገባ ማድረግ ይቻላል።

ትምህርት ቤቱ ወላጅ የሚነገረውን እንዲረዳ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት። በዋሽንግተን ዲሲ በ2004 የወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አማርኛን ከሚሸፍናቸው ቋንቋዎች አንዱ አድርጎታል፤ በሜሪላንድ የሞንጎመሪ ካውንቲ ትምህርት ቤቶችም በአማርኛ መረጃ ያወጣሉ። አስተርጓሚውን ከስብሰባው ቀናት በፊት መጠየቅ ይገባል፤ የልጁን ታላቅ እህት አስተርጓሚ ማድረግ ለእሷም ለጉዳዩም ጥሩ አይደለም። ሰነዱን በዚያው ቀን መፈረም ግዴታ ስላልሆነ ቤት ወስዶ ማንበብ ይቻላል። በየግዛቱ ደግሞ በፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚንቀሳቀሱ የወላጆች ማሠልጠኛና መረጃ ማዕከላት አሉ፤ ለወላጅ የሚሰጡት እርዳታ ያለ ክፍያ ነው።

ከትምህርት ቤት ውጭ ያለው የኢንሹራንስ መንገድ ነው። ሜዲኬድ፣ ማለትም በዋናነት ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ሰዎች የሚሰጠው የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ፣ ያለው ከ21 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ሐኪሙ ያስፈልገዋል ያለውን ሕክምና የማግኘት ሰፊ መብት አለው። የክሊኒኮቹ ወረፋ ግን ወራት ይፈጃል፤ ስለዚህ በአንዱ ተራ እየጠበቁ በሌላውም መመዝገብ ያዋጣል።

አዲስ አበባ ያለ ቤተሰብስ?

እዚህ እውነቱን መናገር ያስፈልጋል፤ በሕግ የተቀመጠ እንዲህ ያለ መንገድ የለም፣ ባለሙያዎቹም ጥቂት ናቸው። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ላለው ልጃቸው ትምህርት ቤት ካጡ በኋላ በ2002 የመሠረቱት ጆይ የኦቲዝም ማዕከልና ከእሱ በኋላ የተቋቋመው ነህምያ የኦቲዝም ማዕከል የታወቁት ናቸው፤ ወደ ሁለቱም ለመግባት ተራው ረጅም ነው። የቅዱስ ጳውሎስና የየካቲት 12 ሆስፒታሎች የሕፃናት የአእምሮ ጤና አገልግሎት ለምርመራ መነሻ ይሆናል። የማዕከላቱ ትኩረት በአብዛኛው ከፍ ያለ ድጋፍ በሚሹ ልጆች ላይ ስለሆነ፣ እንደ ቅዳሜው ልጃችን የሚናገርና የሚማር ልጅ በመሃል ይወድቃል፤ ለማዕከሉ «ደህና»፣ ለትምህርት ቤቱ «አስቸጋሪ» ይሆናል።

ተስፋ ሰጪው አቅጣጫ ወላጅን ራሱን ማሠልጠን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2 እስከ 9 ዓመት ላሉ ልጆች አሳዳጊዎች ያዘጋጀው ሥልጠና 9 የቡድን ስብሰባዎችና 3 የቤት ጉብኝቶች አሉት፤ ስፔሻሊስት ባልሆኑ ሰዎች እንዲሰጥ ታስቦ የተሠራ ሲሆን በኢትዮጵያም በአማርኛ ተሞክሯል። ትምህርቱ የሚያተኩረው ልጁን በጨዋታና በቤት ሥራ ውስጥ እንዴት ማሳተፍ እንደሚቻል ላይ ነው። የተለየ ክፍልም ሆነ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም።

ከትምህርት ቤት ጋር ደግሞ በጥቃቅን ነገሮች መነጋገር ይቻላል። ስልሳ ልጅ ያላት መምህርት የግል ዕቅድ አታወጣም፤ ነገር ግን ልጁን ከአንድ የተረጋጋ ልጅ ጎን ማስቀመጥ፣ በእረፍት ሰዓት የተወሰነ ኃላፊነት መስጠት፣ ሰልፍ ላይ ፊት ወይም መጨረሻ እንዲቆም ማድረግ ትችላለች።

ቤት ውስጥ ምን ማድረግ ይቻላል?

ሕጋቸው ግልጽ የሆነ ጨዋታዎች ለእንደዚህ ዓይነት ልጅ ከወሬ ይቀላሉ። «አኩኩሉ!» ሲባል «አልነጋም!» ማለት ይበቃል፤ ምን መመለስ እንዳለበት ልጁ አስቀድሞ ያውቃል። ገበጣና ዳማ ተራን በዓይን ያሳያሉ፤ ጠጠሩ በማን እጅ እንዳለ የሚያጠያይቅ አይደለም። ብይ አጭር ስለሆነ ትኩረቱ ሳያልቅ ያልቃል። ልጅ ሲጋበዝ አንድ ልጅ ብቻ መጋበዝ፣ ጊዜውን ወደ አንድ ሰዓት ማሳጠር፣ ምን እንደሚጫወቱ አስቀድሞ መወሰን፣ ልጁ ማጋራት የማይፈልገውን አሻንጉሊት ከእንግዳው መምጣት በፊት መደበቅ ይረዳል። ጨዋታው ሳይበላሽ ማቆም ይሻላል፤ በጥሩ ሁኔታ የተለያዩ ልጆች እንደገና መገናኘት ይፈልጋሉ።

ሰላምታን በተመለከተ ቅዳሜ ላይ የተፈጠረውን እንየው። መነካት የሚከብደውን ልጅ አሥር ሰው ተራ በተራ እንዲስም ማስገደድ ሰላምታን አያስተምረውም፤ እንግዳ ሲመጣ መደበቅን ያስተምረዋል። እንግዶች ከመምጣታቸው በፊት «ጋሼ ይመጣሉ፤ በሩ ላይ እጅህን ደረትህ ላይ አድርገህ ጎንበስ ትላለህ፣ 'ሰላም ነዎት' ትላለህ፣ ከዚያ ወደ ክፍልህ መሄድ ትችላለህ» ብሎ አንድ ጊዜ ማለማመድ፣ በሩ ሲንኳኳም በዝግታ ማስታወስ ሁለቱንም ችግሮች ይነካል፤ ንግግሩ ደንቡን ይሰጠዋል፣ ማስታወሻው ሰዓቱን ይጠብቅለታል። እጅን ደረት ላይ አድርጎ ጎንበስ ማለት ደግሞ በእኛ ዘንድ የተከበረ ሰላምታ ስለሆነ ማንም አይቀየምም።

በውጭ ላሉ ቤተሰቦች አንድ ነገር ልጨምር። «ልጁ እንዳይደናገር ከእሱ ጋር በእንግሊዝኛ ብቻ አውሩ» የሚል ምክር የሚሰጡ ባለሙያዎች አሁንም አሉ። ጥናቶች ሁለት ቋንቋ መስማት ኦቲዝም ያለውን ልጅ የቋንቋ እድገት እንደሚጎዳ አላሳዩም። ከአያቱ ጋር በስልክ ማውራት፣ ከአክስቱ ልጆች ጋር መጫወት ማኅበራዊ ሕይወት ነው፤ አማርኛውን የተነጠቀ ልጅ ያንን ሁሉ አብሮ ያጣል።

የቱን ድጋፍ መጠራጠር ይገባል?

«ሙሉ በሙሉ ይድናል» ብሎ የሚምል፣ ወላጅ እንዲመለከት የማይፈቅድ፣ ውጤቱን ከሦስት ወር በኋላ በምን እንደሚለካ መናገር የማይችል ማንኛውም አገልግሎት አጠራጣሪ ነው። ኬሌሽን የሚባለውን ብረታ ብረትን ከደም የማስወጣት ሕክምና ለኦቲዝም ብለው የሚሸጡ ሰዎች አሉ፤ ለኦቲዝም እንደሚሠራ ማስረጃ የለም፣ በ2005 በፔንሲልቬንያ አንድ ልጅ በዚሁ ሕክምና ምክንያት ሞቷል። ጸበል መውሰድና ጸሎት የቤተሰቡ እምነት ነው፤ ምርመራውን ማስቀረት ወይም የታዘዘን መድኃኒት ማስቆም ግን የለበትም።

ሌላው የሚያጠራጥረው በጣም የተሳካ የሚመስለው ሥልጠና ነው። አንዳንድ ልጆች ቀኑን ሙሉ እንደሌላው ለመምሰል ሲጥሩ ይውሉና ቤት ሲገቡ ይፈነዳሉ፤ ጫማቸውን ሳያወልቁ ማልቀስ ይጀምራሉ። መምህርቷ «እጅግ ተሻሽሏል» እያለች እናት ማታ ማታ የምታየው ሌላ ከሆነ ሥልጠናው ልጁን ራሱን መደበቅ አስተምሮት ይሆናል፤ ባለሙያዋም ይህን መስማት አለባት።

መሻሻሉስ በምን ይታወቃል?

የጓደኛ ብዛት መለኪያ አይደለም። ኦቲዝም ላለው ልጅ በሳምንት አንድ ጊዜ ስለ መኪና ሞተር አብሮት የሚያወራ አንድ ልጅ ሊበቃው ይችላል፤ አሥር ሰው ያለበት ልደት ደግሞ ቅጣት ሊሆንበት ይችላል። ወላጅ በማስታወሻ ደብተር ላይ ሁለት ሦስት ነገሮችን ቢጽፍ ከማንኛውም መጠይቅ የተሻለ መረጃ ይዞ ወደ ስብሰባው ይሄዳል፦ ልጁ ሳይገደድ ወደ ሰው የቀረበው ስንት ጊዜ ነው፣ ጠብ ሲነሣ ለመረጋጋት ምን ያህል ደቂቃ ፈጀበት፣ ከትምህርት ቤት ሲመለስ የማንን ስም ጠራ። ይህ የመጨረሻው ለወራት ባዶ ሆኖ ሊቆይ ይችላል። ከዕለታት አንድ ቀን ልጁ ጫማውን እያወለቀ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ የአንድ ልጅ አባት መኪና ስንት ሲሊንደር እንዳለው መናገር ሲጀምር፣ የዚያን ልጅ ስም ጠይቆ ከነቀኑ መጻፍ ነው።